የደንበኛ መዝገብ በኪራይ ቤት



ባለፈው ሴሚስተር ስለ ደንበኛ አያያዝ ስንማር መምህራችን "አንድ ነጋዴ ደንበኞቹን የሚያውቃቸው በምንድን ነው?" ብለው ጠየቁን። አንዱ "በመልካቸው" አለ፣ አንዷ "በስልክ ቁጥራቸው" አለች፣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ "በዱቤ ደብተር ነዋ!" ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ያደግሁት ትክል ድንጋይ፣ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ያ ልጅ የቀለደ አልመሰለኝም። እንዲያውም ትክክለኛውን መልስ የመለሰው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

በዚህ ጽሑፍ የማስረዳው በእንግሊዝኛው ምህጻር ሲአርኤም ስለሚባለው የሶፍትዌር ዓይነት ነው። በተለይም ድርጅቶች ገዝተው ኮምፒዩተራቸው ላይ ከመጫን ይልቅ በኢንተርኔት በኩል በየወሩ እየተከራዩ ስለሚጠቀሙበት ዓይነቱ ነው። ይህ የኪራይ አሠራር በ20 ዓመት ውስጥ የዓለምን የሶፍትዌር ንግድ ገልብጦታል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ምን ይገጥመዋል? ይህንን ከመጽሐፍ ካነበብሁት ሌላ አጎቴ ሱቅ ላይ በሠራሁት ስሕተት ጭምር ለማሳየት እሞክራለሁ።

ለመሆኑ ሲአርኤም ምንድን ነው?

"የደንበኛ ግንኙነት አስተዳደር" ብንለው ያስኬዳል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ማን ምን ገዛ፣ መቼ ገዛ፣ ስንት ቀረበት፣ ምን ቅሬታ አለው፣ መቼ ተመልሶ ይመጣል የሚሉትን አንድ ቦታ መዝግቦ፣ የሚመለከተው ሠራተኛ ሁሉ በፈለገ ጊዜ እንዲያያቸው ማድረግ ነው።

በዚህ ትርጉም ከሄድን የአጎቴ ደብተር ሲአርኤም ነው። ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ጠርዙ በዘይት የወዛ ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ተመድቦለታል። ስማቸው የሚመሳሰል ሰዎች ስለሚበዙ ከስሙ ሥር "ባለ ነጭ በቅሎው"፣ "የግራ እጁ የተሰበረው"፣ "ሰሊጥ የሚወርደው" የሚል ማስታወሻ ይጽፋል። ይህ የመጨረሻው ማስታወሻ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከደጋው ብዙ ሰው በክረምት ለአረም፣ ከመስቀል ወዲህ ደግሞ ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳል። ትክል ድንጋይ ያለችውም ከጎንደር በሳንጃ አድርጎ ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ "ሰሊጥ የሚወርደው" የተባለ ሰው በሐምሌ ዱቤ ቢወስድ እስከ ኅዳር አይጠየቅም፤ ከተጠየቀም ያኮርፋል። መማሪያ መጽሐፋችን ይህን "ደንበኛን በባሕርዩ መመደብ" ይለዋል፤ እኛም ለፈተና ሸምድደነዋል። አጎቴ ግን ሳይማረው ሲሠራበት ኖሯል።

ደብተሩ ሁለት ችግሮች አሉበት። አንደኛ፣ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ከጠፋ ወይም አይጥ ከበላው አለቀ። ሁለተኛ፣ ጽሕፈቱን ከአጎቴ በቀር የሚያነበው ሰው የለም። በትልቅ ድርጅት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የሽያጭ ሠራተኛው የደንበኞቹን ዝርዝር በቦርሳው ይዞ ይዞራል፤ ሥራ ሲለቅ ደብተሩንም ደንበኞቹንም ይዞ ወደ ተወዳዳሪው ይሄዳል። ሲአርኤም የተስፋፋበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህንን ለማስቀረት ነው። የሽያጭ ሠራተኞች ሶፍትዌሩን መጀመሪያ ላይ እንደ ሰላይ ቢያዩት አይፈረድባቸውም።

ከመግዛት ወደ መከራየት

እ.ኤ.አ. በ1993 ቶም ሲበልና ፓትሪሺያ ሃውስ አሜሪካ ውስጥ ሲበል ሲስተምስ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው በዚህ ገበያ የሚስተካከለው ጠፋ። አሠራሩ ግን የሀብታም ነበር። ገዢው ድርጅት የመጠቀሚያ ፈቃዱን በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ይገዛል፣ ሰርቨር ይገዛል፣ ሰርቨሩ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ያዘጋጃል፣ አማካሪ ይቀጥራል፣ ከዚያ ወራት ይጠብቃል። አዲስ ዕትም ሲወጣ ድካሙ እንደገና ይጀመራል። ባጭሩ መሬት ገዝቶ፣ ድንጋይ አስጠርቦ፣ ቤት እንደ መሥራት ነው። ትንሽ ድርጅት አይሞክረውም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ማርክ ቤኒኦፍ የተባለ ሰው ከፓርከር ሃሪስና ከሌሎች ሁለት ፕሮግራመሮች ጋር ሆኖ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ አፓርታማ ሴልስፎርስን ጀመረ። ቤኒኦፍ ኦራክል በተባለው ትልቅ የዳታቤዝ ድርጅት 13 ዓመት ሠርቷል። ቶም ሲበልም የወጣው ከዚያው ቤት ነው። የኦራክሉ አለቃ ላሪ ኤሊሰን ደግሞ ለሴልስፎርስ መነሻ 2 ሚሊዮን ዶላር አዋጥቷል። ስለዚህ የሲአርኤም ጦርነት በአንድ ቤት ልጆች መካከል የተነሣ ጠብ ነበር ማለት ይቻላል።

የቤኒኦፍ ሐሳብ እንዲህ ነበር። ደንበኛው ምንም አይግዛ። ኢንተርኔት ያለው ኮምፒዩተር ይኑረው፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ይሥራ፣ ለአንድ ተጠቃሚ በወር ጥቂት ዐሥር ዶላሮች ይክፈል፤ ካልጣመው ይተው። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ሲበል ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የደንበኞቹን ጉባኤ ሲያካሂድ ሴልስፎርስ ተዋንያን ቀጥሮ "ሶፍትዌር አበቃለት" የሚል መፈክር አስይዞ በር ላይ የውሸት ሰልፍ አስወጣ። የድርጅቱም ምልክት "ሶፍትዌር" የሚለው ቃል ላይ ቀይ መስመር የተሰረዘበት ነበር። ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት ሶፍትዌር ይጥፋ ብሎ ሰልፍ ሲወጣ ማየት ያስቃል። ይሁንና ሊጠፋ የተፈለገው ፕሮግራሙ አልነበረም፤ የመግዛቱና የመጫኑ ጣጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሴልስፎርስ በሰኔ 2004 እ.ኤ.አ. አክሲዮኑን ኒውዮርክ ገበያ ላይ አወጣ፤ የመገበያያ መለያውም "ሲአርኤም" የሚሉት ሦስት ፊደላት ሆኑ። በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. ኦራክል ሲበልን በ5.85 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ፤ የቤት ሠሪው ዘመን በዚያ አከተመ። ሴልስፎርስ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. በተዘጋው የበጀት ዓመቱ 34.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ አስመዝግቧል።

አንድ ግቢ፣ ብዙ ተከራይ

እዚህ ላይ የቴክኒኩን ነገር ሳልነካ ባልፍ አይቲ ያሉ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ኪራዩ ለምን ረከሰ? ከሴልስፎርስ በፊትም ሶፍትዌርን በኪራይ ለመስጠት የሞከሩ ነበሩ። እነሱ ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ ሰርቨርና የተለየ የፕሮግራም ቅጂ ያቆሙ ነበር። ለእያንዳንዱ ተከራይ የተለየ ቪላ እንደ መሥራት ነው፤ ባለቤቱ አይዋጣለትም። ብዙዎቹም ከስረዋል።

አዲሱ ዘዴ የጎንደር ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ማራኪ አካባቢ አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ሳልነግረው ይገባዋል። ግቢው አንድ ነው፤ የውኃ ቧንቧው አንድ ነው፤ ቆጣሪው አንድ ነው፤ አጥሩና ዘበኛውም እንዲሁ። እያንዳንዱ ተከራይ ግን የክፍሉ ቁልፍ አለው፤ የጎረቤቱን ዕቃ አያይም። በሶፍትዌሩም ፕሮግራሙ አንድ፣ ዳታቤዙ አንድ ሲሆን በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ የሚናገር መለያ ይታተምበታል። እኔ ስገባ ሲስተሙ የኔን መለያ የያዙትን ብቻ ነቅሶ ያሳየኛል። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ቧንቧውን ሲያድስ የሁሉም ውኃ በአንድ ቀን ይታደሳል። ርካሽነቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። ቧንቧው ሲበላሽ ግቢው በሙሉ ይጠማል። በታኅሣሥ 20 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. የሴልስፎርስ አገልግሎት ለሰዓታት ተቋርጦ ብዙ ደንበኞች መዝገባቸውን ማየት አልቻሉም ነበር። ድርጅቱ በቀጣዩ ዓመት ሲስተሙ በየዕለቱ እንዴት እንደዋለ ማንም ሰው የሚያይበት ገጽ ከፈተ። ይህ እርምጃ ደስ ይለኛል። አከራይ "ውኃው ለምን ጠፋ?" ሲባል በሩን ዘግቶ ከሚተኛ፣ ወጥቶ ቢናገር ይሻላል።

ከአሜሪካ ውጭ ደግሞ የሕንዱ ዞሆ አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. የኪራይ ሲአርኤም አቀረበ፤ እስከ ሦስት ተጠቃሚ ለሚሆን አነስተኛ ድርጅትም ያለክፍያ ይሰጣል። መሥራቹ ስሪዳር ቬምቡ ሥራውን ከትልልቅ ከተሞች አውጥቶ በታሚል ናዱ ግዛት ተንካሲ ወደተባለ ገጠራማ አካባቢ ቢሮ ከፍቷል፤ እሱም እዚያው መንደር ኖሯል። ይህን ባነበብሁ ቀን ማታ ትክል ድንጋይ ላይ የሶፍትዌር ቢሮ በሕልሜ አየሁ። ሲነጋ መብራት ጠፍቶ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ

ሴልስፎርስ አክሲዮን ሸጦ ሲያድግ እኛ ዘንድ ቴሌኮም በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት እንኳ ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል አልሠራም። ነጋዴ ለደንበኛው "ዕቃው መጥቷል" ብሎ አጭር መልእክት መላክ በማይችልበት ጊዜ ስለ ኪራይ ሲአርኤም ማውራት ቅንጦት ነበር።

ትልልቆቹ ተቋሞች በራሳቸው ቤት መሥራትን መረጡ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቲ24 የተባለውን የባንክ ሶፍትዌር ይጠቀማል፤ መዝገቡም በራሱ ቁጥጥር ሥር ነው። የራስ ቤት መሆኑ ግን አያፈስም ማለት አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ሲስተሙ ሲሻሻል በተፈጠረ ስሕተት ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩ ያለአግባብ ወጥቷል ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ነበር። በዚያ ሌሊት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ምን እንደተደረገ እኛ ተማሪዎች ስለምናውቀው አልዘረዝረውም።

አየር መንገዶች በአንጻሩ የቆዩ ተከራዮች ናቸው። የትኬት መዝገብን በሩቅ ኮምፒዩተር ማስቀመጥ የተጀመረው አሜሪካን ኤርላይንስና አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሴበር የተባለውን ሲስተም ሥራ ላይ ሲያውሉ ነው። የኋላ ኋላም ያ ሲስተም ለሌሎች አየር መንገዶች መከራየት ጀመረ፤ የኛውም አየር መንገድ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በሳምራዊት ፍቅሩ ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተጀመረው ራይድ አለ። በመተግበሪያው መጥራት ይቻላል፤ በ8294 መደወልም ይቻላል። ይህ የስልክ በር መኖሩ ትልቅ ብልኅነት ነው፤ ስማርት ስልክ የሌለውም፣ ዳታ ያለቀበትም ሰው ደንበኛ ሆኖ ይቀጥላል።

ጎንደር ላይ የኪራይ መዝገብን በየቀኑ የሚያውቁት ሆቴሎች ይመስሉኛል። ፋሲል ግቢንና ሰሜን ተራሮችን ሊያይ የሚመጣ ፈረንጅ ብዙ ጊዜ ክፍሉን የሚይዘው በቡኪንግ ዶት ኮም ነው። ሆቴሉ ከዋጋው 15 በመቶ አካባቢ ኮሚሽን ይከፍላል። ኮሚሽኑ ይሁን፤ አገልግሎት ነው። የሚገርመው ሌላ ነው። ሆቴሉ የሚደርሰው የእንግዳው ኢሜይል እውነተኛው አድራሻ አይደለም፤ በአገናኙ ድርጅት በኩል የሚያልፍ ተለዋጭ አድራሻ ነው። እንግዳው አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ቁርስ በልቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል፤ ሆቴሉ በሚቀጥለው ጥምቀት "ይምጡ" ብሎ በቀጥታ ሊጽፍለት ቢፈልግ፣ ሲገባ ጠይቆ ካልመዘገበው በቀር አድራሻውን አያውቅም። ደንበኛው የማን ነው?

አብዛኛው ትንሽ ነጋዴ ግን ሲአርኤም የሚል ቃል ሰምቶም አያውቅ። ቴሌግራም ቻናል ይከፍታል፣ ዕቃውን ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል፣ ደንበኛው በውስጥ መስመር ይጽፋል፣ ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባል። ቴሌብር ከተጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ይህ አሠራር በጣም ሰፍቷል። ይህም የኪራይ ቤት ነው፤ ያለ ውል የተገባበት የኪራይ ቤት። ቻናሉ ቢዘጋ ወይም ስልኩ ቢሰረቅ ያ ሁሉ ደንበኛ የት ይገኛል?

የአጎቴ ደብተር

አሁን ወደ ስሕተቴ ልግባ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ትክል ድንጋይ ገባሁ። ስለ ሲአርኤም አዲስ ተምሬ ነበርና እጄን በላኝ። ለ30 ቀን በነጻ የሚያሞክር አንድ የኪራይ ሶፍትዌር (ስሙ ይቆይ) ስልኬ ላይ ከፍቼ የደንበኞቹን ስም ከደብተሩ ገለበጥሁ። የቆየውን ዕዳ እዚያው ተውሁት፤ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የሚወሰደውን አዲስ ዱቤ ግን በቀጥታ ስልኩ ላይ መመዝገብ ጀመርሁ።

"እንግዲያው ደብተሩ ጡረታ ይውጣ?" አለኝ አጎቴ።

"ይውጣ፣ ጋሼ" አልሁት።

ለሦስት ሳምንት ያህል ነገሩ አማረ። ማን ስንት እንዳለበት በአንድ ንክኪ ይታያል፤ አጎቴም በግድ መነጽሩን እያደረገ ያይ ነበር። በሐምሌ መጨረሻ በክልሉ በነበረው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሰኔ 2011 እና በሰኔ 2012 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተዘጋውን ስለማስታውስ በሳምንት፣ ቢበዛ በሦስት ሳምንት ይመለሳል ብዬ ነበር። ይኸኛው ግን በብዙ ቦታ ከወራት አልፎ ወደ ዓመት ተጠጋ።

ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ ይከፈታል፤ ትንሿ ክብ ትዞራለች፤ ሌላ ምንም የለም። ለካ ስልኩ መስኮት ብቻ ነበር። መዝገቡ ያለው ባሕር ማዶ ነው። የ26 ቀን ዱቤ፣ ያውም የክረምት ዱቤ፣ እዚያ ቀርቷል። አጎቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ከመደርደሪያው አወረደና ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ የሚያስታውሰውን እየቆጠረ መጻፍ ጀመረ። ሦስት ቀን ፈጀበት።

ኅዳር ላይ ሰው ከበረሃ ሲመለስ ዕዳው መከፈል ጀመረ። አንዲት እናት ልጃቸው ከሰሊጥ የላከላቸውን ብር ይዘው መጡና "ያለብኝ 3,400 ነው" አሉ። አጎቴ በትዝታው የጻፈው ግን 4,000 ነበር። ደብተሩን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። "እርስዎ ካሉ ይሁን፣ እትዬ" ብሎ 3,400 ተቀበለ። አልተጨቃጨቁም። በሌላ ቀን ግን ዘይት በዱቤ ሊወስዱ ሲመጡ "ገና አልመጣልኝም" ብሎ መለሳቸው፤ ጀሪካኖቹ ከመጋረጃው ጀርባ ተደርድረው ነበር። ይህን የነገረችኝ የአጎቴ ልጅ ናት።

ትምህርት ዘግይቶ ሲጀመር ጎንደር መጥቼ ባለገመድ ኢንተርኔት ያለው ቤት አገኘሁና መዝገቡን ልከፍት ሞከርሁ። የሙከራው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ስሜን ያውቀኛል፣ የይለፍ ቃሌንም ይቀበለኛል፤ ከዚያ ግን "ጥቅል ይምረጡ፣ በካርድ ይክፈሉ" የሚል ገጽ ያመጣል። ካርድ የለኝም። ዕቃዬ ውስጥ ነው፣ በሩ ግን ተቀይሯል። ለአከራዮቹ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ኢሜይል ጻፍሁላቸው፤ ደግነቱ ለሦስት ቀን ከፈቱልኝ። ሁሉንም ወደ ሠንጠረዥ አውርጄ ያቺን እናት ፈለግሁ። ዕዳቸው 3,400 ብር ነበር።

መስመር በተገኘ ቀን ለአጎቴ ደውዬ ነገርሁት። ዝም አለ። ከዚያ "ሰው አስቀየምሁ'ኮ" አለና ስልኩን ለልጁ ሰጣት።

ኪራይ ሲገቡ የሚጠየቅ

ከዚህ በኋላ ስለ ኪራይ ሶፍትዌር ሳነብ ዓይኔ የሚያርፍበት ቦታ ተለወጠ። ቀድሞ የማየው ዋጋውንና የሚሠራቸውን ነገሮች ብዛት ነበር። አሁን መጀመሪያ የምፈልገው ማውረጃውን ነው። መዝገቤን በሙሉ፣ በሌላ ፕሮግራም በሚከፈት መልክ፣ ያለማንም ፈቃድ ማውረድ እችላለሁ? የሙከራው ጊዜ ሲያልቅስ? ክፍያ ሲቋረጥ ስንት ቀን ያስቀምጡልኛል? ሁለተኛው ጥያቄ መስመር ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለው ነው። አንዳንድ መተግበሪያዎች መዝገቡን ስልኩ ላይ ይይዙና መስመር ሲመለስ ከሰርቨሩ ጋር ያስተካክላሉ፤ ሌሎቹ ያለ መስመር ባዶ ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት ነው። ለኛ ዋናው እሱ ነው። በነገራችን ላይ ኦዱን የመሳሰሉ፣ በኪራይም ሆነ በራስ ሰርቨር ላይ ሊጫኑ የሚችሉ ሶፍትዌሮች አሉ፤ በራስ መጫኑ ግን የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል።

የዶላሩ ጉዳይ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። አብዛኛው የኪራይ ሶፍትዌር በዶላር፣ በዓለም አቀፍ ካርድ ይከፈላል፤ የብር ሒሳብ ያለው ትንሽ ነጋዴ ይህን ለመክፈል ለብዙ ዓመታት መንገድ አልነበረውም፤ ውጭ ያለ ዘመድ ካልከፈለለት በቀር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሦስት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለእያንዳንዱ በወር 20 ዶላር ቢከፍል፣ 3,420 ብር የነበረው ኪራይ ከ6,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። አከራዩ አንድ ሳንቲም አልጨመረም፤ ክፍሉም አልሰፋም። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የዳታ ማዕከሎች ስለተከፈቱ፣ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ስለሚሸጥ፣ በብር የሚከፈልበት የአገር ውስጥ ኪራይ ሊበዛ ይችላል። መስመሩ ሲጠፋ ግን ሰርቨሩ ጎሮ ሆነ ካሊፎርኒያ ለትክል ድንጋይ ለውጥ የለውም።

ሕጉንም ማየት ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የሰው ዳታ በፈቃዱ ወይም በሌላ ሕጋዊ ምክንያት እንዲያዝ፣ ሰውየው ስለራሱ የተያዘውን የማየትና የማስተካከል መብት እንዲኖረው ይደነግጋል፤ ወደ ውጭ አገር በሚተላለፈው ላይም ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። የጤና መረጃን ደግሞ ለብቻው በጥንቃቄ ይይዘዋል። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። እኔ አጎቴ ከስሞቹ ሥር የጻፋቸውን ማስታወሻዎች እንዳሉ ገልብጫቸው ነበር። "የግራ እጁ የተሰበረው" ሱቅ ውስጥ ሲጻፍ መለያ ነው፤ ባሕር ማዶ ሰርቨር ላይ ሲጻፍ ግን የአንድ ሰው የጤና መረጃ ነው፤ ባለቤቱንም አልጠየቅሁትም። ሠንጠረዡን ካወረድሁ በኋላ እዚያ ያለውን መዝገብ አጥፍቼዋለሁ።

አሁን አጎቴ ደብተሩ ላይ መጻፉን ቀጥሏል። ያቺ እናትም እንደገና ዱቤ ይወስዳሉ። የአጎቴ ልጅ ማታ ማታ የቀኑን ዱቤ ኢንተርኔት በማይፈልግ ሠንጠረዥ ስልኳ ላይ ትገለብጣለች፤ አንዳንዴ ሳምንት ታሳልፋለች፣ ፈተና ሲደርስባት ወሩንም ታሳልፋለች። መስመር ባገኘች ቀን ለኔ ትልክልኛለች፤ እኔም ጎንደር አሳትሜ ሰው ሲሄድ እልካለሁ። የቤተሰቡን ሱቅ መዝገብ እንዲህ ማድረግ የሚፈልግ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ካለ ባዶውን ሠንጠረዥ በፍላሽ ልሰጠው እችላለሁ። ዓምዶቹ ስምንት ናቸው፦ ስም፣ መለያ ማስታወሻ፣ ስልክ፣ ቀን፣ የተወሰደው ዕቃ፣ ዋጋ፣ የተከፈለ፣ ሰውየው የሚመለስበት ወር። መለያ ማስታወሻው ላይ የበቅሎውን ቀለም ጻፉ እንጂ የሰውየውን ሕመም አትጻፉ።